የመርዶ ነጋሪው ቬኬሽን

ሰው ደግ ሲሆንልኝ እፈራለሁ።

ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። ሥራዬ ነው እንዲህ ያደረገኝ። ሥራ ስል ደግሞ ደመወዝ ያለው እንዳይመስላችሁ። ደመወዝ ያለውን መጋዘን ውስጥ ሠርቼ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ትቼዋለሁ። ይኼኛው ሌላ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በእድራችን ውስጥ፣ መርዶ የምነግረው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። አንድ ጊዜ የሚናገር ሰው ጠፍቶ እኔ ተናገርኩ። ሰውየው ሳይወድቅ፣ ራሱን ሳይስት ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ «ጋሽ ታደሰ ይሂዱ» ሆነ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ነው ይላሉ። እኔ ግን ድምፄ የማይወጣው ከፍርሃት ነው።

ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ አይነገርም። አገር ቤት እናቱ የሞተችበት ሰው እዚሁ ኮሎምበስ ጥግ፣ ሬይኖልድስበርግ ተቀምጦ ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ እድሩ ይሰማል። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ። ቀጥሎ ባለ ሱቁ። ቀጥሎ ጸጉር የሚሠሩት ሴቶች። ባለቤቱ ብቻ እየሳቀ ይውላል። ፌስቡክ ላይ እንዳይለጠፍ ለአገር ቤት ዘመዶች ይደወላል። መቼ ኦፍ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ስኳር አለበት ወይ፣ ግፊት አለበት ወይ ይባላል። ከዚያ በዕረፍቱ ቀን፣ ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ፣ መኪኖች ተከታትለው ደጁ ይቆማሉ። በዚያ ሰዓት የሐበሻ በር የሚንኳኳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ሉዊስ ሴንተር አዲስ ቤት ወደገዙ ባልና ሚስት ሄድን። መንገዱን በመኪና ሞላነው። ሁላችንም ጥቁር ለብሰናል፤ ማንም አይናገርም። ከወዲያ ማዶ ያለው ፈረንጅ በመጋረጃ ቀዳዳ አየንና ፖሊስ ጠራ። አይፈረድበትም፤ እኔም ብሆን እጠራ ነበር። ፖሊሱ ወጣት ነው። እዚህ ምን ትሠራላችሁ አለ። ከእኛ ልጆች አንዱ የዚህች ሴት አባት አገር ቤት ሞተዋል፤ እሷ ገና አልሰማችም፤ ልንነግራት ነው ብሎ በእንግሊዝኛ አስረዳው። ፖሊሱ ትንሽ አሰበና ታዲያ ለምን ኮል አታደርጉላትም አለ። ልጃችን ወደ እኔ ዞረ። እኔም እስከዛሬ መልሱን አላገኘሁትም። ፖሊሱ ግን ጨዋ ነው፤ የመኪናውን መብራት አጥፍቶ፣ እስክንጨርስ ድረስ የቤቱ መኪና መግቢያ ጫፍ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ። እድራችን ውስጥ ልግባ ቢል እኔ አልቃወምም።

ሰው የሚያየው መናገሩን ነው። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሰውየው በደንብ ይብላ፤ በባዶ ሆድ ሐዘን አይቻልም። ስልኩ በሆነ ሰበብ ከእጁ ይውጣ። መድኃኒቱን መዋጡ ይረጋገጥ። ብቻውን አይተው። ማንም በሐዘኔታ አይየው። ፈገግ ይባልለት፣ ግን ጥርስ አይብዛ። ይህን ሁሉ ለእድራችን ወጣቶች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሰላምም ከተማሩት አንዷ ናት።

እና ሰላም ናት አንድ ቀን ድንገት መጥታ፣ አባዬ ቬኬሽን ልወስዳችሁ ነው ያለችኝ። አንተንም እማዬንም። ፖርቶ ሪኮ።

የት ነው እሱ አልኩ። ደሴት ነው፣ ሙቅ ነው፣ ባሕር ነው፣ የድሮ ምሽግ አለው፣ ደግሞ አሜሪካ ስለሆነ ፓስፖርት አይጠይቁህም አለች። ማዕበል ቢነሣስ? አይነሣም። እባብስ? አባዬ፣ ሪላክስ አድርግ። ባለቤቴ ዘውዲቱ ደግሞ ከማጀት ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ገነት ግባ ቢሉህም መጀመሪያ እባብ አለ ወይ ብለህ ነው የምትጠይቀው» አለችኝ። እንዴት አልጠይቅም? እዚያስ አልነበረም እንዴ?

ሄድን። የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። ሁለተኛው ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ ተቀምጠን የሰላም ስልክ ጮኸ። ስልኩን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ብድግ ብላ ወደ በረንዳው ወጣችና የመስተዋቱን በር ከኋላዋ ዘጋችው። ድምጿ አይሰማም። አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ግንባሯን ያዘች። ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም፣ አይሆንም የምትል ይመስላል። ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ፈገግ አለችልኝ። ጥርስ አልበዛበትም።

ሹካዬን አስቀመጥኩ።

ተመልሳ ገባችና፣ አባዬ ስልክህን ስጠኝ፣ ቬኬሽን ላይ ስልክ የለም አለች። ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የግፊት መድኃኒትህን ዋጥክ? ዋጥኩ። አሳየኝ። የመድኃኒቱን ሳጥን አየችው። ዘውዲቱ ደግሞ ምንም ሳትናገር የራሷን እንቁላል ወደ እኔ ሳህን ገፋችልኝ። ዘውዲቱን አታውቋትም። ከተጋባን ጀምሮ ከሳህኗ የምትሰጠኝ ምክር ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ቅደም ተከተሉ ሁሉ ትክክል ነው። ምግቡ፣ ስልኩ፣ መድኃኒቱ፣ ፈገግታው። እኔ እንዳስተማርኩት ነው የሚሠራብኝ።

ማነው ታዲያ? ወላጆቼ ድሮ አልፈዋል። እህት አልነበረኝም። በዓለም ላይ የቀረኝ አንድ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወልዴ፣ ናዝሬት የሚኖረው። ሌላ ሰው የለም። ሰሌን ላይ አብረን ተኝተን ያደግን፣ ልጅ ሆነን ጨለማ ስፈራ እጄን ይዞ ሽንት ቤት ድረስ የሚወስደኝ ወንድሜ።

ታዲያ ለምን አትጠይቃትም ትሉኛላችሁ። አይጠየቅማ! ብጠይቅ ልትዋሽ ነው፣ ወይም ልትናገር ነው። ብትናገር ደግሞ ከቤት ርቀን፣ ደጋፊ በሌለበት፣ ልጅቷ ብቻዋን እኔን ልትይዝ ነው። ይህን ነገር እንዳታደርጉ ብዬ ስንት ጊዜ የተናገርኩት ራሴ አይደለሁም? ሰው ለመርዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እስከዚያ ማወቁን አያሳይም። እኔም አላሳይም አልኩ።

እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ደሴት የጎበኘሁት።

በዚያው ቀን ወደ ትልቁ ምሽግ ሄድን። ከባሕሩ አፍ ላይ የተሠራ ነው። ግንቡ ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ከላዩ በፀሐይ የነጣ ነው፤ የሽማግሌ ቆዳ ይመስላል። ከፊቱ ሰፊ ሣር አለ፤ ቤተሰቦች በክር የሚበር ወረቀት ያበርራሉ፤ ሳቅ ነው፣ ጩኸት ነው። ወደ ግንቡ ሲጠጉ ግን ነፋሱ ድምፁን ሁሉ ወደኋላ ይወስደዋል። ልጆቹ ሲሮጡ ይታያሉ፤ ሳቃቸው አይሰማም። እንደ በረንዳው መስተዋት።

ሣሩ መካከል አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ይሄዳል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። ወልዴ በወጣትነቱ ከጭነት መኪና ወድቆ ግራ ትከሻው ዝቅ እንዳለ ቀርቷል። ሰውየው አይዞርም። አይቸኩልም። እኔ ስቆም የሚቆም ይመስለኛል። ዘውዲቱና ሰላም ፎቶ ሲነሱ ትቻቸው ተከተልኩት።

በቅስት በር ገባ። ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ወደታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ። ሸሚዙ ከታች ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ጉልበቴን እየያዝኩ ወረድኩ። እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ቦታ፣ የራሴ ቤት ምድር ቤትም ካላስፈለገኝ አልወርድም። መጨረሻው ላይ አንዲት የዘብ ጎጆ አለች፣ ከድንጋይ የተሠራች ክብ፣ ሰው ቆሞ ብቻ የሚይዛት፣ ከባሕሩ በላይ የተንጠለጠለች። መግቢያዋ አንድ ነው። መውጫ የላትም። ገባሁ።

ማንም የለም። ጠባብ መስኮት፣ ከመስኮቱ ወዲያ ባሕር።

እዚያ ቆምኩ። ድንጋዩ ይተነፍሳል። ማዕበሉ ከታች ዋሻ ነገር ውስጥ እየገባ ሲወጣ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ሲሰማ የተኛ ሰው ትንፋሽ ነው። ጎጆዋ ጠባብ ስለሆነች ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ወልዴ» ብዬ ጠራሁ። ከሁሉም የገረመኝ፣ በእንደዚያ ዓይነት የድንጋይ ቤት ውስጥ ድምፄ ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። ገብቶ ቀረ። ትንፋሹም ለአንድ አፍታ ቆመ።

ስወጣ ዘውዲቱ ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆማ ታየኛለች። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ከማንም።»

ትላንት ቢሆን ትስቅብኝ ነበር። አልሳቀችም። ክንዴን ያዘችኝ። ለምንድነው ክንዴን የምትይዘው?

ከዚያ ወዲያ ያየሁት ሁሉ ስለ እኔ ሆነ። ከምሽጉ ሥር ባለ አሮጌ እስር ቤት፣ አንድ እስረኛ ድሮ ግድግዳው ላይ የሳላቸው መርከቦች አሉ። አስጎብኚው ብዙ ተናገረ። እኔ የሰማሁት፣ ሰውየው የሚጠብቀው ፍርዱን ነበር የሚለውን ብቻ ነው። መርከቦቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሸራቸው ተወጥሯል፣ ግን አንዱም ላይ ሰው አልተሳለም። ከግንቡ ውጭ ደግሞ መቃብር አለ። ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ያለ መቃብር አይቼ አላውቅም። ሁሉም ነጭ እብነ በረድ፣ ከምሽጉ ግንብና ከባሕሩ መሐል የተጨናነቀ። ሐውልቶቹ ፊታቸውን ሸፍነው የሚያለቅሱ ሴቶች ናቸው። አንዱ መቃብር ላይ ድመት የሚያህል እንሽላሊት ተኝቷል። አየኝ። ራሱን ወደታች፣ ወደላይ ነቀነቀ። ሰላም፣ አባዬ ኢጓና ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚህ ያደርጋል አለችኝ። ይሁን። ግን እኔ በልቤ ሞቷል ወይ ብዬ ስጠይቅ ነበር የነቀነቀው።

በማግስቱ ዘውዲቱ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆንሽ? ሳሙና ገብቶበት ነው። የሁለቱም ዓይን? ፎጣውን አነሣች። እንደገና ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ስልኳን አነሣሁና ወልዴ ጋ ደወልኩ። አይነሣም። ድጋሚ። ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም ትላለች ሴትዮዋ፤ እሷ እንኳ ያን ቀን ድምጿ ለስለስ አለብኝ። የልጁ ሚስት ብርቱካን ጋ ደወልኩ። አነሣች።

«ጋሼ፣ ደህና ናችሁ? ምነው በሰላም?»

«በሰላም ነው። ወልዴን አገናኚኝ።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባባ ተኝተዋል።»

እኛ ጠዋት ስንሆን እነሱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ ነው። ቀስቅሺው አልኳት። ሐኪሙ ሲተኙ አይቀስቀሱ ብሏል፣ ሲነሡ እነግራቸዋለሁ አለች። ዘጋሁት። ሐኪም ብሏል። ጥሩ አድርጋ ነው የተናገረችው። እኔም ብሆን በይ የምላት ይህንኑ ነበር። ተኝቷል፤ የምን ውሸት አለበት?

ማታ ማታ እዚያ አገር ጥፍር የምታህል እንቁራሪት ከየዛፉ ላይ ታፏጫለች። ሁለት ድምፅ ናት፣ አንድ ዝቅ፣ አንድ ከፍ። የአገሩ ሰው ይወዳታል። እኔ ግን ከራት ስንመለስ፣ ጨለማው ውስጥ የማይታይ ሰው በፉጨት እየጠራኝ፣ አቤት እስክል የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። አቤት አላልኩም። እንደዚያ ሲጠሩ አቤት አይባልም፣ እናቴ ነግራኛለች። ሰላም ክፍሌ መጥታ ትራስ ደግፋልኝ ወጣች። በሩን ስትዘጋ ስልኳ እንደገና ጮኸ። «አልኳችሁ እኮ» ስትል ሰማኋት፣ «ቤት እስክንገባ ምንም አይነገረው።»

እንግዲህ ምን ቀረኝ?

የመጨረሻው ቀን በትንሽ መርከብ ወደ ሌላ ደሴት ወሰደችን። ባሕሩ እዚያ የሚያምር ነው፤ ውሸት አልናገርም። አሸዋው ዱቄት ነው። ግን የባሕሩ ዳርቻ ጫፍ ላይ ምን ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? ታንክ። ድሮ ወታደሮች እዚያ ተኩስ ይለማመዱ ነበር አሉ፣ ትተውት ሄደዋል። ግማሹ አሸዋ ውስጥ ሰምጧል፣ ዝገት በልቶታል። ወጣቶች አበባና ስም ቀብተውበታል። የዋና ልብስ የለበሱ ልጃገረዶች ላዩ ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሣሉ። እኔ የተቃጠለ ታንክ መንገድ ዳር ባየሁበት አገር ነው ያደግሁት። ከታንኩ ጀርባ ዞሬ ሄድኩ። ክዳኑ ክፍት ነው። ውስጡ ባሕሩ ገብቶ ያንኳኳል፣ ቀስ ብሎ፣ ከውስጥ ሰው እንደሚያንኳኳ።

አሸዋው ላይ ከሰላም ጎን ተቀመጥኩ። ልጠይቃት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ቤታችን የምንገባው መቼ ነው?»

«ነገ ማታ። ቅዳሜ ማታ። ለምን አባዬ?»

«እንዲያው ነው።»

ቅዳሜ ማታ ከሆነ፣ በማግስቱ እሑድ ነው። ማንም ሥራ አይገባም። ማለዳ ይመጣሉ። ጥሩ አስባለች። ልጄ ብልህ ናት አልኩ።

ከዚያ ሱሪዬን ወደላይ ጠቅልዬ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። ዋና አልችልም፤ እስከ ጉልበቴ ብቻ። ማዕበሉ ሲመለስ አሸዋውን ከእግሬ ሥር ይዞት ይሄዳል፤ አንድ ሰው ምንጣፍ ከሥሬ እየጎተተ ይመስላል። እዚያ ቆሜ ወንድሜን አለቀስኩት። ባሕር ይጮኻል፤ እኔ ብጮኽ ማን ይሰማኛል? ፊቴም እርጥብ ነው፤ ባሕር ይሁን እንባ ማን ይለየዋል? ሁሉንም አልኩት። ስላልመጣሁ ይቅር በለኝ አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት እያልኩ፣ አውሮፕላን ስለምፈራ ነው አልኩት። ከዳር ዘውዲቱ ትጠራኛለች። ዞር ስል ሰላም ስልኳን ወደ እኔ ዘርግታለች። «ልጅህ ፎቶ እያነሣችህ ነው» አለች ዘውዲቱ፣ «ሳቅ በል እንጂ፣ የታሰረ አትምሰል።»

ሳቅኩ። ልጅ ናት፣ ቬኬሽኗን አላበላሽባትም።

ቅዳሜ ማታ ሬይኖልድስበርግ፣ ቤታችን ገባን። እሑድ ሳይነጋ ተነሣሁ። ታጠብኩ። ጥቁሩን ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋሁ። ጠረጴዛውን ከመካከል አወጣሁ፤ ሰው ሲወድቅ ጥጉ ይመታዋል። ውሃ በብርጭቆ አዘጋጀሁ። የግፊት መድኃኒቴን ዋጥኩ። አንድ ቁራሽ ዳቦ ግድ ብዬ በላሁ። ተቀመጥኩ።

የመኪና መብራት በመጋረጃው ላይ ሲያልፍ፣ ሌላ መኪና ተከተለው። ቆሙ። በራቸው ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ እንዳስተማርኳቸው። ሳያንኳኩ ከፈትኩላቸው። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ግርማና ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ማን ነገርዎት?» አለ ግርማ።

«ማንም። ግቡ።» ገቡ። ግርማ ከፊቴ ቆመ። «ከፊቴ አትቁም» አልኩት፣ «ከጎኔ ቁም። ብወድቅ ከፊት ሆነህ ምን ልትይዝ ነው? ስንቴ ነግሬሃለሁ?» ጎኔ መጣ። «አንተ ደግሞ በስተቀኝ። እንደዚያ። አሁን ንገሩኝ። ወልዴ ነው አይደል?»

ሦስቱም ተያዩ።

«ወልዴ ማነው?» አለ ግርማ።

ሰላም በሌሊት ልብሷ ከፎቅ እየሮጠች ወረደች። «ጋሽ ግርማ፣ እስከ ረፋድ ጠብቁ አላልኳችሁም? አርፏል፣ ይረፍ አላልኳችሁም? ሳምንቱን ሙሉ ኮል እያደረጋችሁ ሰላም ነሣችሁኝ!»

ነገሩ እንደዚህ ነው ለካ። ሂልቶፕ የሚኖረው፣ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልሰው ይልማ፣ እናቱ ደብረ ብርሃን አርፈዋል። ማን ይንገረው? ግርማ ባለፈው መርዶ ሲናገር፣ የተነገራት ሴትዮ የፈላ ውሃ ይዛ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አያምነውም። ጋሽ ታደሰ ሲመለሱ ተባለ። መቼ ይመለሳሉ እያሉ ሰላም ላይ ይደውላሉ። እሷ ደግሞ አባቴ አንዴ እንኳ ስለ ሞት ሳያስብ ይረፍ ብላ ስልኬን ደበቀችው። ዘውዲቱ ያለቀሰችው ለይልማ እናት ነው። ሴትዮዋ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሳለ ወዳጅ ሆነው ነበር።

«እንቁላሉስ?» አልኳት።

«የምኑ እንቁላል?»

«የሰጠሽኝ።»

«ጨው በዝቶበት ነው» አለች ዘውዲቱ።

መኪና ውስጥ ገባን። በብሮድ ጎዳና ወደ ሂልቶፕ ስንሄድ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ ውስጥ ደስታ ነበር። ወልዴ አለ። ተኝቶ ነው የተባለው፣ ተኝቶ ነበር። መርዶ ልነግር እየሄድኩ ከንፈሬ ፈገግ እንዳይል በእጄ ያዝኩት።

ይልማ ደጅ ደረስን። ልናንኳኳ ስንል በሩ ተከፈተ። ይልማ ጥቁር ልብሱን ለብሷል። ከጀርባው ሳሎኑ ይታያል፤ ወንበሮቹ ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል።

እኔን ብቻ ነው ያየው።

«ጋሽ ታደሰ፣ የት ነበሩ?» አለኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቅዎት ነበር።»

ሱቅ ስገባ ጨዋታ ያቆማሉ አለ። ጸጉሬን ልቆረጥ ስሄድ ተራቸውን ይለቁልኛል። ከጋሽ ግርማ ጋር ከፋሲካ ጀምሮ ተኳርፈን ነበር፤ ማክሰኞ መንገድ ላይ አቀፉኝ። «ያን ጊዜ አወቅኩ» አለ። «ግን እርስዎ አልመጡም። ታዲያ ጋሽ ታደሰ ካልመጡ ምናልባት አልሞተችም ይሆናል፣ አሟት ይሆናል እያልኩ፣ በየማለዳው እየለበስኩ ስቀመጥ፣ ሲነጋ ደግሞ አውልቄ ሥራ ስገባ ነበር።»

እኔ እኮ ለዚህ ሥራ ቃል አዘጋጅቼ ነው የምሄደው። ሁሉም ጠፋብኝ። ጎኑ ተቀመጥኩ። ትከሻውን ያዝኩት። እሱ ነው መጀመሪያ ያለቀሰው፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ግርማ ሳይቀር። የት ነበሩ ላለኝ ግን አልመለስኩለትም። ባሕሩ ዳር ሆኜ እንዳንተው ስጠብቅ ነበር ይባላል እንዴ?

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ከልቅሶው ስመለስ ግን የወልዴን ድምፅ ካልሰማሁ አላርፍም አልኩ። ደወልኩ። ዛሬ ራሱ አነሣው። «አቤት» ሲል ጊዜ እንባዬ መጣ።

«ታደሰ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። ናፍቀኸኝ ነው።»

«አንተ ናፍቄህ ደውለህ ታውቃለህ?» አለኝ። «እያለቀስክ ነው። ብርቱካንም ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ልክ አይደለም ብላኛለች። ንገረኝ፣ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ዘውዲቱ ናት?»

«ዘውዲቱ ማጀት ናት። ማንም አልሞተም!»

«ገባኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በስልክ አይነገርም። አንተማ ሥርዓቱን ታውቃለህ።» ዘጋው።

በማግስቱ ብርቱካን ደወለች። ጋሼ፣ ለአባባ ምን ነገሯቸው? እህል አልቀምስ አሉ፣ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አልሞተም በይው አልኳት። ብለናቸው ነበር አለች፤ «ማንም አልሞተም የሚባለው ሰው የሞተበት ሰው ነው» ይላሉ። ዘውዲቱን በስልክ አገናኘነው፤ ካወሩ በኋላ፣ እሷ ካለች እንግዲህ ልጅቷ ናት ማለት ነው አለ። ሰላምን አገናኘነው፤ ድምፁ እንደሷ አይደለም አለ፣ አማርኛዋ እንዲህ አልነበረም።

ሌላ መንገድ አጣሁ። በአካል ሄጄ፣ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቆሜ፣ ማንም አለመሞቱን ልነግረው ነው። አውሮፕላን እፈራለሁ፣ ግን ይሁን። ሰላም ቲኬቱን ቆረጠች። ለማንም እንዳትናገሩ፣ ድንገት ይየኝ፣ ደስ ይበለው አልኳቸው።

አውሮፕላኑ ሌሊት አዲስ አበባ ይገባል፤ መኪና ተዘጋጅቶልኛል። ናዝሬት ወንድሜ ደጅ ደርሼ የማንኳኳው ገና ሰማዩ ሳይገላለጥ ነው። ይህን ያሰብኩት ቲኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።